ደብተሩ ላይ “ቀሪ” የተባለው ሠራተኛ

የአዲስ አበባን የግንባታ ሥራ የሚያውቅ ሰው ካቦን ያውቃል። ጠዋት ሠራተኛ የሚመርጠው፣ ስም የሚጠራው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚያሠራው፣ ቅዳሜ ሲደርስ ሂሳብ የሚያስከፍለው እሱ ነው። ሠራተኛ ሲወድቅ ቀድሞ የሚደርሰውም እሱ ነው። በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳትና ስለ ካሳው ለመጻፍ ሳስብ፣ ክርክሩን በአንድ ካቦና የሥራ ክርክር ጉዳዮችን በምትይዝ አንዲት ጠበቃ መካከል ማድረግን የመረጥሁት ለዚህ ነው። ሁለቱም የፈጠርኳቸው ናቸው። ካቦው የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ግን በየሳይቱ የሚነገሩ ናቸው፤ ጠበቃዋ የምትመልሰውም እኔ የማምንበትን ነው።

ካቦ፦ እህቴ፣ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። ግንባታ ባለበት ጉዳት አለ። ምስማር እግር ይወጋል፣ ባሬላ ጣት ይቀጠቅጣል፣ ከመወጣጫ ላይ ሰው ይወድቃል። ጥፋተኛው ቢፈለግ አይገኝም፤ ቀን የጣለው ነው። አሠሪው ጨዋ ከሆነ ያሳክመዋል፣ ኪሱም ውስጥ ትንሽ ብር ያደርግለታል፤ ልጁም አመስግኖ አገሩ ይገባል። ታዲያ ካሳ ካሳ እየተባለ ሰው ከሰው የሚካሰሰው ማንን ጥፋተኛ ለማድረግ ነው?

ጠበቃ፦ ማንንም ጥፋተኛ ለማድረግ አይደለም ጋሼ። ሕጉ እንዲያውም ጥፋተኛ መፈለጉን ትቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 96፣ አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ሠራተኛው ላይ ለሚደርሰው የሥራ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ይህ ሐሳብ በብዙ ሰው ስቃይ የተገኘ ነው። ፋብሪካ በተስፋፋበት ዘመን አውሮፓ ውስጥ የተጎዳ ሠራተኛ ካሳ የሚያገኘው የአሠሪውን ጥፋት በማስረጃ ሲያሳይ ብቻ ነበር። እጁን ማሽን የበላው ሰው፣ ያዩት ምስክሮች ሁሉ የዚያው አሠሪ ተቀጣሪዎች ሆነው፣ ምን ሊያሳይ ይችላል? ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884፣ እንግሊዝ በ1897 ያወጧቸው ሕጎች ጥያቄውን ራሱን ቀየሩት። “ማን አጠፋ?” መባሉ ቀርቶ “ጉዳቱ የደረሰው በሥራው ምክንያት ነው ወይ?” ተባለ። እርስዎ “ቀን የጣለው ነው” ሲሉ አልከራከርዎትም። ቀን የጣለውን ሰው ማን ያነሳዋል የሚለው ግን ገና አልተመለሰም።

እስቲ በእርስዎ ሥራ እንየው። ሕንፃው ሲታሰብ የሲሚንቶው፣ የፌሮው፣ የአሸዋው ዋጋ ተሰልቶ ይገባል። አሥር ፎቅ እስኪወጣ ድረስ አንድ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ኮንትራክተሩም ባለቤቱም ያውቃሉ። የሚሰበረው ክንድ በሂሳቡ ውስጥ ባይገባ ወጪው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከፋዩ ተለወጠ ማለት ነው። ልጁ አመስግኖ አገሩ ይገባል አሉኝ። አገሩ ከገባ በኋላስ ማን ያበላዋል? አባቱ በሬ ይሸጣሉ። ዓረብ አገር ያለችው እህቱ ለራሷ ጥሪት ያሰበችውን ትልክለታለች። እናቱ ገበያ መውጣት ትተው ያስታምሙታል። ሕንፃውን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች የሕንፃውን ወጪ ከፈሉ ማለት ነው። ካሳ ይጠየቅ የምለው፣ ይህ ሂሳብ ከነሱ ትከሻ ወርዶ ወደ ሥራው እንዲመለስ ነው።

ካቦ፦ ይኼ ልብ ይነካል፤ አልዋሽሽም። ግን ልጁ ራሱ ያጠፋ እንደሆነስ? “ሄልሜት አድርግ” እያልነው አውልቆ ይሠራል። “በዚያ በኩል አትውጣ” እያልነው ይወጣል። በገዛ ዝንጉነቱ ለወደቀ ሰው አሠሪው ለምን ይከፍላል?

ጠበቃ፦ ሕጉ ለአሠሪውም በር ትቶለታል። ሠራተኛው ሆነ ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ከሆነ፣ ወይም አካሉንና አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ላይ ከተገኘ፣ አሠሪው ተጠያቂ አይሆንም። በሩ ግን ጠባብ ነው፤ ጠባብ መሆንም አለበት። ድካም፣ ችኮላ፣ ለአፍታ መዘናጋት ከነዚህ አይቆጠሩም። በቀን ከመቶ ጊዜ በላይ ባሬላ የሚያነሳ ሰው አንዷን ጊዜ ይዘናጋል፤ ይህን ሰው ከመሆኑ ለይተን ልናየው አንችልም። መመሪያ ጣሰ ለማለትም መጀመሪያ መመሪያው መኖር አለበት። ሄልሜቱ ለሱ ተሰጥቶታል ወይስ መጋዘን ተቆልፎበታል? እንዴት እንደሚያደርገውስ ማን አሳየው? ይኸው አዋጅ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን፣ ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደገኛነት ማስገንዘብን፣ የደረሱ አደጋዎችን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማስታወቅን የአሠሪው ግዴታ አድርጓቸዋል። “እያልነው ነበር” የሚለው ቃል ብቻውን፣ በወረቀትም በምስክርም ካልተደገፈ፣ ሠራተኛውን ባዶ እጁን ሊሰደው አይገባም።

ካቦ፦ ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ የተጎዳስ? እየሠራ አልነበረም እኮ።

ጠበቃ፦ በሥራው ምክንያት ግቢው ውስጥ ከተገኘ፣ ከሥራ በፊትም ሆነ በኋላ፣ በዕረፍትም ላይ ቢሆን ይቆጠርለታል። አሠሪው ባቀረበው የሠራተኛ ሰርቪስ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳም እንዲሁ ነው። አሠሪው ወደ ሌላ ቦታ ልኮት እዚያ ቢጎዳ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢሆን እንኳ፣ የሥራ ጉዳት ነው። ብዙ ሰው መብቱ የሚቀርበት እንዲህ ያለውን ባለማወቅ ነው።

ካቦ፦ እሺ፤ ግን ገንዘቡ ይህን ያህል ምንድን ነው? አሠሪው በእጁ 10,000 ብር ከሰጠው እኮ ብዙ ነው። ልጁ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ብር ይዞ አያውቅም።

ጠበቃ፦ በአንድ ጊዜ ይዞ አለማወቁ ነው የሚያታልለው። አብረን እናስላ። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ እንበል። ክንዱ ተሰብሮ ሥራ ቢያቆም፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ ይከፈለዋል፤ 18,000 ብር። ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፤ 13,500 ብር። ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ፤ 18,000 ብር። ዓመቱን ሙሉ ቢተኛ 49,500 ብር መሆኑ ነው። በዚህ ላይ ሕክምናው አለ፤ ጠቅላላና ልዩ ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ እግር ወይም እጅ። ለነዚህ ብቻ እንኳ 10,000 ብሩ ይበቃል ብለው ያስባሉ?

ከዚያ ደግሞ ዋናው ነገር ይመጣል። ክንዱ ሲድን እንደ ድሮው ካልታጠፈ፣ የሕክምና ቦርድ አይቶ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል። ቦርዱ በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወራት ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። ሠራተኛው የጡረታ ሽፋን ካለው፣ ማለትም እሱ ከደመወዙ 7 በመቶ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡለት ከሆነ፣ የዘላቂ ጉዳቱ ክፍያ በጡረታ ሕጉ መሠረት ይታያል። ሽፋን ከሌለው ደግሞ አዋጁ ሥሌት አስቀምጧል፤ ጨርሶ መሥራት ለማይችል ሰው የ5 ዓመት ደመወዙ፣ ጉዳቱ ከፊል ለሆነ ደግሞ ከዚያው በጉዳቱ መጠን። የዚህ የኛ ሠራተኛ የ5 ዓመት ደመወዝ 360,000 ብር ነው። ቦርዱ 20 በመቶ ካለው 72,000 ብር ያገኛል ማለት ነው። ፊቱ በኖራ ወይም በእሳት ተቃጥሎ መልኩ ክፉኛ ቢበላሽ፣ መሥራት ባይከለክለውም እንኳ፣ ሕጉ እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጥርለታል። አሠሪው ጥፋት እንዳለበት ማስረዳት ከተቻለ ደግሞ ከዚህም በላይ በሌላው ሕግ መጠየቅ አይከለከልም። ሠራተኛው ከሞተ የካሳው ድርሻ ለሚስቱ 50 በመቶ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ በሱ ይጦሩ ለነበሩ ወላጆችም ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ተብሎ ተቀምጧል። አሁን ያን 10,000 ብር ይመልከቱት። ብሩ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ አንዲት ወረቀት አብራ ትመጣለች፤ “ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም” የምትል። ያን ጊዜ ክንዱ ገና በጄሶ እንደታሰረ ነው። በመቶ ስንት እንደተጎዳ ሐኪም አልነገረውም። የሸጠውን ነገር ሳያውቀው ሸጠ ማለት ነው። ስለዚህ ብር አትቀበል አልልም፤ ቦርዱ ሳያይህ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ አትፈርም ነው የምለው።

ካቦ፦ ይህን ስታሰዪው እኔም ደነገጥሁ። ነገር ግን አንቺ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ረሳሽው። አሠሪው እንጀራ የሰጠው ሰው ነው፤ ሲታመም ሆስፒታል ወስዶታል፣ ሲጠይቀው ብርቱካን ይዞለት ሄዷል። በምን ዓይኑ አይቶ ነው የሚጠይቀው?

ጠበቃ፦ ይሉኝታን አልረሳሁም፤ ከሕጉ ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። ብርቱካን ይዞ የሄደ አሠሪ ምስጋና ይገባዋል፤ ከልቡ የሄደም ብዙ ነው። ግን ደግነትና ግዴታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደግነት የሰውዬው ነው፤ ሲቸገር ያንሳል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያበቃል፣ ሰውዬው ሲሞት ወራሾቹ ላይ አይቀጥልም። የልጁ ክንድ ግን ከፕሮጀክቱ በኋላም፣ 30 ዓመት ሙሉ፣ አይታጠፍም። ዕድሜ ልክ የሚቆይን ነገር በሰው ደግነት መኖርና አለመኖር ላይ እንዴት እንጥላለን? ሌላም አለ። ብዙ ድርጅት ለሠራተኞቹ የጉዳት ኢንሹራንስ ይገባል፤ በየዓመቱ ዓረቦን ይከፍላል። ሠራተኛው በይሉኝታ ዝም ሲል ያተረፈው ለደጉ አሠሪ ሳይሆን ለኢንሹራንሱ ሊሆን ይችላል። አሠሪው ራሱም አርቆ ቢያስበው፣ የተመዘገበና በቦርድ የተለካ ጉዳት ወጪው ይታወቃል። ተድበስብሶ የቀረ ግን ከወራት በኋላ በሽማግሌ ብዛትና በቂም ይመለስበታል። ደግ አሠሪ ካለ፣ ደግነቱ የሚታየው ጉዳቱን በጊዜው ሲያስመዘግብ ነው።

ካቦ፦ ደግ ያልሆነው ግን ያባርረዋል። እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ።

ጠበቃ፦ አውቃለሁ። አዋጁ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ ወይም በክስ በመሳተፉ ከሥራ ማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በአንቀጽ 26 ደንግጓል። ይህ ለቋሚ ሠራተኛ ትልቅ ጋሻ ነው። የቀን ሠራተኛ ግን “ተሰናብተሃል” አይባልም፤ በማግስቱ ስሙ ሳይጠራ ይቀራል። ይህን ልደብቅዎት አልችልም። እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የተሰበረ ክንድ ያለውን የቀን ሠራተኛ፣ ካሳ ባይጠይቅስ፣ በማግስቱ ይጠሩታል? አይጠሩትም፤ መሸከም አይችልማ። ዝም ያለው ሥራውን ለማቆየት ነበር፤ ሥራው ግን ከወደቀበት ሰዓት ጀምሮ ሄዷል። ስለዚህ ፍርሃቱ እውነተኛ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው አስቀድሞ የጠፋውን ነገር ነው። የዳነውና ወደ ሥራ የተመለሰው ሰው ጉዳይ ይለያል፤ ለሱ መፍትሔው ብቻውን አለመቆም ነው። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ድርጅት ጥያቄው በማኅበሩ በኩል ሲቀርብ የአንድ ሰው ድፍረት አይመስልም። በኅብረት ስምምነታቸው ከሕጉ የበለጠ የጉዳት ክፍያ ያስገቡም ማኅበራት አሉ። በግንባታው ዘርፍ ይህ ገና ደካማ ነው፤ ያሳስበኛልም።

ካቦ፦ የቀን ሠራተኛ ካነሳሽ አይቀር፣ እሱ እኮ ውል የለውም። ጠዋት መጣ፣ ሠራ፣ ማታ ሄደ። “ሠራተኛዬ አይደለም” ቢባል ምን ይዞ ይከራከራል?

ጠበቃ፦ ውል የለውም የሚባለው ስህተት ነው፤ የተጻፈ ውል ነው የሌለው። የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዋና ዋና ነገሮቹን የያዘ ደብዳቤ ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ሕጉ ያዘዋል፤ ባይሰጠውም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የቀረው የማስረጃ ጉዳይ ነው። አብረውት አርማታ የተሸከሙት ያውቁታል። የተከፈለበት ፔይሮል ላይ ጣቱን አትሟል ወይም ፈርሟል። ክሊኒክ ሲወሰድ ካርዱ ላይ ቀኑና “ከፎቅ ወድቆ” የሚል ተጽፏል። ከሁሉ በላይ ግን የእርስዎ ደብተር አለች። በየጠዋቱ ስም የሚጠሩባት፣ ጫፏ በሲሚንቶ የጠነከረችው ደብተር በፍርድ ቤት ዓይን ከብዙ ምስክር ትበልጣለች። የተከሳሹ የራሱ ወገን፣ ክርክር ሳይነሳ፣ በየቀኑ የጻፋት ናትና። ከዚህ ሁሉ ውጭ የቀረችውን የቤት ሠራተኛ ባነሳ ደስ ባለኝ። አዋጁ የቤት ውስጥ ሥራን ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲተዳደር ብሎ ከራሱ አውጥቶታል። የፈላ ዘይት የፈሰሰባት ልጅ ለቀን ሠራተኛው እንደተጠረገው ያለ መንገድ የላትም፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው። ግን ወደ እኛው ነገር እንመለስ።

ካቦ፦ ፍርድ ቤቱስ? ዓመት ሙሉ መመላለስ ነው። ለትራንስፖርት፣ ለጠበቃ፣ ለዳኝነት እየከፈለ የተጎዳ ሰው ይዘልቀዋል?

ጠበቃ፦ ለዳኝነት አይከፍልም፤ የሥራ ክርክር ከዚህ ክፍያ ነፃ ነው። ጉዳዩን የሚያየው የሥራ ክርክር ችሎት ክሱ በቀረበለት በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ወስኗል፤ ቅር ያለው ወገን በ30 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ይላል። ቀጠሮ አይራዘምም፣ አይጉላላም አልልዎትም። ብዙው ጉዳይ ግን፣ ሠራተኛው ካርዱንና ምስክሮቹን ይዞ በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ እዚያው የድርጅቱ ቢሮ ውስጥ ሊያልቅ የሚችል ነው። ፍርድ ቤቱ የሚረዝመው ማስረጃ ሲጠፋ ነው። የሚያስፈራኝ ጊዜ ሌላ ነው፤ ይርጋው። ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ጥያቄ፣ የተለየ ጊዜ ካልተቀመጠለት በቀር፣ በ1 ዓመት ይታገዳል። “እስኪሻለኝ ልቆይ”፣ “ሽማግሌዎቹ ይጨርሱት” እያለ ዓመት ያለፈበት ሰው እውነቱን እንደያዘ ተሸንፎ ይመለሳል። ሽምግልና ጥሩ ነው፤ ግን የሽምግልናው ቀጠሮ ይርጋውን ያቆመዋል ብሎ ማንም ተስፋ እንዳያደርግ።

ካቦ፦ አንድ ልጨምርልሽ። አጭበርባሪም አለ። እሑድ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን አጥፎ፣ ሰኞ ሳይት መጥቶ “ደረጃ ላይ ወደቅሁ” የሚል። በሩ ይከፈት ስትዪ እሱም ይገባል።

ጠበቃ፦ ይገባል። ግን እሱን የሚያስቆመው ምንድን ነው? ጉዳት በሰዓቱ የሚመዘገብበት ሳይት ላይ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እያነከሰ የገባ ሰው ይታያል። ደረጃውም፣ አብሮት የነበረውም፣ ሰዓቱም ይጠየቃል። ምንም የማይጻፍበት ሳይት ላይ ግን ውሸታሙም እውነተኛውም አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም በቃላቸው ብቻ የቆሙ ናቸው። እውነተኛውን ስንጠራጠር የምንኖረው መዝገብ ስለሌለን ነው። መዝገብ ሲኖር ሌላም ጥቅም ይከተላል። በዚያው መወጣጫ፣ በዚያው ጥግ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ሰው መውደቁ ተጽፎ ከተገኘ “ቀን የጣለው ነው” ማለት ያዳግታል፤ እንጨቱ ይታያል፣ ማሰሪያው ይጠበቃል። ለሦስቱ ካሳ የከፈለ ድርጅትም እንጨቱን ለመለወጥ የሚያስጨንቀው ሌላ ሰው አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ሰው ሲጠይቅ ለአራተኛው ጠየቀለት ማለት ነው።

ካቦ፦ እኛ እኮ እንዲህ አንጽፍም እህቴ። ደብተሬ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ለመጣ ምልክት፣ ላልመጣ “ቀሪ”። የተጎዳ ሰው በማግስቱ ሲጠራ ስለሌለ “ቀሪ” ይባላል። በሦስተኛው ቀን ስሙ ይሰረዝና ሌላ ሰው በቦታው ይገባል። ክፋት አስበን አይደለም፤ ሲጠሩ የሌለ ሰው ቀሪ ነው፣ ሌላ መጠሪያ የለውም።

ጠበቃ፦ ክፋት እንዳላሰባችሁ አምናለሁ። ግን ያቺ ቃል ምን እንደምታደርግ ይዩት። ከስድስት ወር በኋላ ልጁ ሲከራከር የድርጅቱ ጠበቃ ያንኑ ደብተር ያቀርብበታል። “ይኸው፣ ሥራ ላይ አደጋ ደረሰብኝ ይላል፤ እኛ ጋ ግን የተመዘገበው ያለ ፈቃድ መቅረቱ ነው” ይላል። በአንድ ቃል የተጎዳው ሰው ሥራውን ጥሎ የጠፋ ሰው ሆነ። ያቺን ገጽ የጻፏት እርስዎ ስለሆኑ፣ ሌላ አድርጎ መጻፍም በእርስዎ እጅ ነው። የጉዳቱን ሪፖርት ለተቆጣጣሪው ማድረሱ የአሠሪው ሥራ ነው፤ አሠሪው ቢያደርገውም ባያደርገውም ግን ደብተሯ እርስዎ ዘንድ ናት።

ካቦ፦ ምን ብዬ ልጻፍ? ሕግ የሚመስል ቋንቋ አላውቅም።

ጠበቃ፦ ሕግ አይምሰል። ያዩትን ነው የሚጽፉት። “ማክሰኞ፣ ቀኑ ይኼ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፤ ሦስተኛ ፎቅ በስተምሥራቅ በኩል አርማታ በባሬላ ሲያወጣ እንጨቱ ተሰብሮ ወደቀ፤ ቀኝ ክንዱ፤ አብሮት የተሸከመው እገሌ፤ በሰርቪስ መኪና ጤና ጣቢያ ተወሰደ።” ከሥሩ ይፈርሙ፤ አብሮት የነበረውም ይፈርም፣ መጻፍ የማይችል ከሆነ ጣቱን ያትም። በማግስቱ ስም ሲጠሩ ልጁ ጋ ሲደርሱ ደግሞ “ቀሪ” አይበሉት። “በሥራ ላይ ተጎድቶ ሕክምና ላይ” ብለው ይጻፉ፤ በሦስተኛውም ቀን፣ በአሥረኛውም ቀን እንደዚያው።

ካቦ፦ መስመሩ ጠባብ ነው፤ ይህ ሁሉ አይገባም።

ጠበቃ፦ ሁለት መስመር ይያዙለት።